የባሕር ወፍና የደሴት ጉዞ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚነሱ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአቃቂ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ወይም ከለገጣፎ ሆናችሁ የባሕር ወፍና የባሕር እንስሳ ማየት የምትመኙ ብዙ ናችሁ። ጥያቄያችሁም ተቀራራቢ ነው። እኔ የምመልሰው አንድ ነገር ይዤ ነው፤ ጀልባና ደሴት ከማሰባችሁ በፊት በሰፈራችሁ ጫፍ ያለውን ውሃ እወቁት። እዚያ ዓይኑን ያለማመደ ሰው ባሕር ላይ ሲወጣ ከሌላው የበለጠ ያያል።

ባሕር የለንም፤ የባሕር ወፍ ከየት ይመጣል?

የባሕር ወፍ የምንላቸው ሁሉ ከባሕር የማይወጡ አይደሉም። ጋል የሚባሉት ወፎችና ዘመዶቻቸው ተርኖች ሐይቅም ግድብም ይወዳሉ። ራሱ ግራጫ የሆነው ጋል በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ይኖራል። ጀርባው የጠቆረው ትልቁ ጋል ደግሞ የሰሜኑን በረዶ ሸሽቶ ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል ይመጣል። ያው ወፍ በጅቡቲ ወደብ ላይ ሲያንዣብብም፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ከዓሣ አጥማጆች የተረፈውን ሲለቅምም ታገኙታላችሁ።

ፔሊካንና ኮርሞራንት የሚባሉት ዓሣ አዳኝ ወፎችም እንደዚሁ ናቸው። ለእነሱ ዋናው ዓሣው ነው፤ ውሃው ጨው ኖረውም አልኖረውም ግድ የላቸውም። ኦስፕሬ የተባለው ዓሣ አዳኝ በቀይ ባሕር ደሴቶች ላይ ጎጆ ይሠራል። ከአውሮፓ የሚመጡት ኦስፕሬዎች ደግሞ በሐይቆቻችን ላይ እግራቸውን አስቀድመው ተወርውረው ዓሣ ሲያወጡ ይታያሉ።

በእርግጥ ጨርሶ ወደ እኛ የማይመጡም አሉ። ቡቢ የሚባለው ወፍ ከከፍታ ቁልቁል ተወርውሮ ባሕር ውስጥ የሚጠልቅ ነው። እሱን ለማየት ባሕሩ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚያ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ለመጀመሪያ ቀን የት ልሂድ?

ገፈርሳ። ሳላመነታ ነው የምለው። ከቡራዩ አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ ላይ ያለ ግድብ ነው። ወደ ቡራዩ ሚኒባስ ሞልቷል፤ ከዚያ ሌላ ትይዛላችሁ። ግድቡ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ስለሚያቀርብ ጥበቃ አለው። ወደ ውሃው ጠርዝ መቅረብ ከፈለጋችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግን ለጀማሪ ከአስፋልቱ ዳር የሚታየው በቂ ነው።

እዚያ መጀመሪያ የምትፈልጉት ባለ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ ነው። ይህ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ሲቆም ግራጫና ቡናማ ስለሆነ በቀላሉ ዓይን አይገባም። አንገቱን ወደ ኋላ ጎትቶ ጀርባው ላይ አስተኝቶ ነው የሚራመደው። ሲነሳ ግን ክንፉ ላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቦግ ይላል። ላባው ወፍራም ነው፤ የደጋውን ብርድ የሚችለው በዚያ ነው። ብዙ ሰው በፍላሚንጎ ይደሰታል፤ እኔ ግን እንግዳ ስወስድ በመጀመሪያ የማሳየው ይህን ዝይ ነው። ፍላሚንጎን ሌላ አገርም ያዩታል።

ከእሱ ጋር ምንቃሩ ቢጫ የሆነ ዳክዬ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ እብጠት ያለው፣ ኩት የሚባል ጥቁር የውሃ ወፍ፣ በሣሩ ላይ ደግሞ ምንቃሩ ቁልቁል የታጠፈው አይቢስ ይኖራል። የአይቢሱን ድምፅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማለዳ በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው እሱ ነው። ቦታው ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ሁለተኛው ምርጫዬ አባ ሳሙኤል ነው። ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ደቡብ ይገኛል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ረግረግና የእርሻ ማሳ ስለሆነ የወፉ ዓይነት ከገፈርሳ ይበዛል። ፔሊካን፣ ፍላሚንጎ፣ ምንቃሩ አካፋ የመሰለው ዳክዬ፣ ከሩቅ ሰሜን የሚመጡ የጭቃ ወፎች እዚህ ይታያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ክሬን የሚባሉ እግረ ረጅም ትልልቅ ወፎች በመንጋ ሆነው አጨዳ ባለቀበት ማሳ ላይ የወዳደቀ እህል ሲለቅሙ ማየት ትችላላችሁ። ድምፃቸው ከመልካቸው ቀድሞ ይደርሳል።

የሱሉልታ ሜዳም ጥሩ ነው፤ ግን ግንባታው በየዓመቱ ስለሚገፋው ቶሎ ብትሄዱ ይሻላል። ለገዳዲም ግድብ አለ፤ እሱም የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ጥበቃው ጠበቅ ያለ ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ጠርዙ ላይ ጭቃ ይቀራል። በጭቃው ውስጥ ትልና ነፍሳት ሞልተዋል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች የሚፈልጉትም ያንን ነው። ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ መራቢያቸው ይመለሳሉ። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሙም አያሳይም። ሰዓቱን በተመለከተ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ምርጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ ወፎቹም ያርፋሉ።

ባይኖኩላር (የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር) ግድ ነው?

ለመጀመሪያው ቀን አይደለም። ከወደዳችሁት ግን ግዙ፤ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው። ገበያ ላይ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን አትፈልጉ። 8 በ42 የሚለው ይበቃል። 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 12 ወይም 16 እጥፍ የሚያቀርበው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። ጀልባ ላይ ደግሞ ጭራሽ አያሠራም፤ ባሕርተኞች 7 በ50 የሚመርጡት ለዚህ ነው። ወደፊት ደሴት የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ ይህን ከወዲሁ አስቡበት።

ዓይነታቸውን እንዴት ልለይ? ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።

ቀለሙን ተዉት፤ ቀለም ያታልላል። በመጀመሪያ ምንቃሩን እዩ። ቀጥሎ እግሩን፣ ከዚያ የሚሠራውን። ምንቃሩ ረጅም ሆኖ ጭቃ የሚወጋ ከሆነ ከታች ያለ ትል ነው የሚፈልገው። ጭንቅላቱን ገልብጦ ምንቃሩን ውሃው ውስጥ የሚያመላልስ ከሆነ ፍላሚንጎ ነው፤ ውሃውን አጣርቶ ጥቃቅኑን ይበላል። ክንፉን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ የሚቆም ጥቁር ወፍ ካያችሁ ኮርሞራንት ነው። ላባው ውሃ ስለሚይዝ ጠልቆ ሲወጣ ማድረቅ አለበት። እንዲያውም ይህ ጠባዩ ለአደን ይጠቅመዋል፤ ላባው ሲረጥብ ለመጥለቅ ይቀለዋል።

ጋልና ተርን ለማምታታት ቀላል ናቸው። ጋል ሰፋ ያለ ክንፍ አለው፤ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይንሳፈፋል። ተርን ቀጭን ነው፤ ክንፉ የሾለ፣ ጅራቱ ብዙውን ጊዜ መሃሉ የተሰነጠቀ፣ ከአየር ላይ የማይወርድ። ውሃ ላይ ሲቀመጥ እምብዛም አታዩትም። ይህን ልዩነት አባ ሳሙኤል ላይ የለመደ ሰው ጅቡቲ ላይ አይቸገርም።

ስልክ ላይ መርሊን የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። ፎቶ ስታሳዩት ይገምታል። ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ጠይቁት። እንዲያ ካልሆነ አትማሩም።

የባሕር ወፎች ውሃ ሲጠማቸው ምን ይጠጣሉ?

ይህን የሚጠይቁኝ በብዛት ልጆች ናቸው፤ ደስ የሚለኝ ጥያቄም ነው። የባሕሩን ውሃ ይጠጣሉ። እኛ ብንጠጣው ኩላሊታችን ጨውን ማውጣት ስለማይችል የባሰ እንጠማለን። እነሱ ግን ከዓይናቸው በላይ ጨውን ከደም ለይቶ የሚያወጣ ዕጢ አላቸው። ጨው የበዛበት ፈሳሽ በአፍንጫቸው ቀዳዳ ወጥቶ ከምንቃራቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጋል አልፎ አልፎ ራሱን ሲነቀንቅ ያያችሁት ይህንኑ ሊያራግፍ ሊሆን ይችላል። ፍላሚንጎም ተመሳሳይ ዕጢ አለው፤ ለዚህ ነው እንደ አብያታ ባሉ ሶዳማ ሐይቆች ላይ መኖር የሚችለው።

የአባ ሳሙኤል ውሃ በጣም ቆሽሿል፤ ለምን እዚያ ትወስዱናላችሁ?

ውሃው መቆሸሹ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። እምቦጭም ውሃውን ሸፍኖታል። ወፎቹ የሚመጡት ቆሻሻውን ወደው አይደለም። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ከፍሳሹ ጋር የሚገባው ንጥረ ነገር አልጌና ነፍሳት ያራባል፤ ነፍሳቱ ወፍ ይጠራሉ። ሌላው ረግረግ ሲደርቅና ቤት ሲሠራበት ደግሞ አማራጭ ያጣሉ።

እኔ ሰው ወደዚያ የምወስደው ያየው ነገር እንዲያሳስበው ነው። ወፉን ወድዶ የተመለሰ ሰው ስለ ወንዙ ሲወራ ዝም አይልም። ውሃውን አትንኩ፣ እጃችሁን አትታጠቡበት፣ ቦት ጫማ አድርጉ። ይኸው ነው ጥንቃቄው።

ረግረግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ከሆለታ አለፍ ብሎ ያለውን የበርጋን ሜዳ ማሰብ ይበቃል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ነጭ ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ እዚያ ሣር ውስጥ ትራባለች። በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት፤ የምትራባባቸው የሚታወቁ ቦታዎች በጣም ጥቂት ናቸው። የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ሜዳውን ሲጠብቁ ኖረዋል። እሷን ለማየት ብላችሁ ግን በመራቢያዋ ወቅት ሣሩን እየረገጣችሁ አትሂዱ። ጎጆዋ መሬት ላይ ነው።

በአቅራቢያ ጀልባ የምንሳፈርበት አለ?

ቢሾፍቱ ላይ አለ። ባቦጋያ፣ ሆራና ኩሪፍቱ ላይ ጀልባ ታገኛላችሁ። እነዚህ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ሐይቆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ጠርዛቸው ገደላማ ስለሆነ የጭቃ ወፍ ይቀንሳል፤ ጠላቂ ዳክዬና ኮርሞራንት ግን አይጠፋም። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ስለሚከበር ለወፍ ከሆነ የምትሄዱት ሌላ ሳምንት ምረጡ።

የደሴት ጉዞ ጣዕም የሚገኘው ግን ዝዋይ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባቱ ከተማ። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ጥንታዊ ገዳም አለበት፣ የዘይ ሕዝብም ይኖርበታል። ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን እዚያ ተሰውራ ነበር የሚል ትውፊት አለ። ወደ ደሴቱ ስትቀዝፉ ፔሊካኖች ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ጥልቀት አልባው ቦታ ሲነዱ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ምንቃራቸውን ሲነክሩ ማየት ትችላላችሁ። ክንፋቸው ሲዘረጋ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሸምበቆው ውስጥ እግረ ረጅም ጃካና የውሃ ቅጠል ላይ ይራመዳል። አባ ኮዳ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፤ ዋጋው ቢረክስም። ጉማሬ ስላለ ጀልባ ነጂው «እዚህ አንጠጋም» ካለ አትከራከሩት።

እውነተኛውን ባሕርና ደሴት ማየት ብፈልግስ?

ለእኛ የሚቀርበው ጅቡቲ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩም አለ፤ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ይነሳል፤ በአዳማና በድሬዳዋ አልፎ ጅቡቲ ላይ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል። የመንገደኛ ፕሮግራሙ ስለሚለዋወጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፓስፖርት ግድ ነው፤ የመግቢያ ፈቃዱን ደግሞ ከኤምባሲው አረጋግጡ። ለለቡና ለሰበታ ሰው ጣቢያው ከቤቱ ብዙም አይርቅም፤ እና ባቡሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ባሕር ጠረፍ ድረስ ሲወርድ በመስኮት የሚታየው ወፍ ራሱ ይለዋወጣል። ጊዜ ካላችሁ በእሱ ሂዱ።

ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። በጀልባ ለአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል። በዙሪያቸው የኮራል ድንጋይ አለ፤ ሙሻ ላይ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ የሚበቅል ዛፍ ይገኛል። በማንግሮቩ ሥር የባሕር ዳር ሽመላ ዓሣ ያደባል። ከጀልባው ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ወደ ጋሎቹ አዙሩ። በዓይኑ ዙሪያ ነጭ ግማሽ ክብ ያለበት፣ ራሱ የጠቆረ ጋል ካያችሁ እሱ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውጭ የማይኖር ነው። እኛ በደጋ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ አለን፤ ባሕሩም የራሱ አለው።

ሌላው የማልጠግበው ሸርጣን በል የጭቃ ወፍ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም። በቀይ ባሕር አካባቢ አሸዋማ ደሴቶች ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ የሚሞቀው በአብዛኛው በአሸዋው ሙቀት ነው። በዘመዶቹ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ የለም።

ዶልፊንና የባሕር ኤሊ በጉዞው ላይ ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ዱጎንግ የሚባለው የባሕር ሣር የሚበላ ትልቅ አጥቢ እንስሳም በአካባቢው አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማንም «አሳያችኋለሁ» ቢላችሁ አትመኑት። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። በበጋቸው፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ዌል ሻርክ አያስፈራም?

አያስፈራም። ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም የሚበላው ፕላንክተን የሚባሉትን በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትና ጥቃቅን ዓሣ ነው። አፉን ከፍቶ ውሃውን ያጣራል፤ ፍላሚንጎም ምግቡን የሚያገኘው ውሃ አጣርቶ ነው። በኅዳርና በጥር መካከል በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ በኩል፣ ወጣቶቹ ወደ ውሃው ገጽ ይመጣሉ። ሙሉ ያደገው ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ የሚታዩት ግን በአብዛኛው ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው።

ሊያስፈራ የሚገባው እኛው ነን። ጀልባዎች ሲሻሙ በሞተራቸው ያቆስሉታል። ከ3 ሜትር በላይ ራቁ፤ ከጅራቱ ደግሞ ከዚያም በላይ። አትንኩት፣ መንገዱን አትዝጉበት፣ ፍላሽ አትጠቀሙ። አስጎብኚው ጀልባውን እላዩ ላይ የሚነዳ ከሆነ አቁም በሉት። ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ባሕር ላይ ያቅለሸልሸኛል፤ ምን ላድርግ?

ከመሳፈራችሁ በፊት ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። መድኃኒት ከፋርማሲ ጠይቁ፤ የሚወሰደው ማቅለሽለሹ ከመጀመሩ በፊት ነው። ጀልባው መሃል ላይ ተቀመጡ፤ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር እዩ። ስልክ አትዩ። ባይኖኩላርም ለጥቂት ጊዜ አውርዱ።

ልጆች ይዤ ብሄድስ?

ሂዱ! ግን ግማሽ ቀን ይበቃል። ቆሎና ውሃ ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወፍ ስጡት፤ «አንተ ዝዩን ፈልግ፣ አንቺ አይቢሱን» ማለት ይሠራል። ወንጭፍና ድንጋይ እቤት ይቅር።

ፎቶ ለማንሳት ምን ያህል ልቅረብ?

ወፏ ትነግራችኋለች። መብላቷን አቁማ አንገቷን ካቀናች በቅታችኋል፤ ቁሙ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ ትመለሳለች። ለፎቶ ተብሎ መንጋ ማስነሳት በጣም መጥፎ ልማድ ነው፤ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን በርሮ የመጣ ወፍ ጉልበቱን የሚሰበስበው እዚህ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ በግድቦቹ አካባቢ ደግሞ ጨርሶ አታስቡት። ማሳ አቋርጣችሁ ስታልፉ ደግሞ ገበሬውን «አካም ጅርቱ» ብላችሁ አስፈቅዱ። ብዙ ጊዜ ወፎቹ ዛሬ የት እንደዋሉ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ባገኝ ምን ላድርግ?

አጥኚዎች ያሰሩት ነው። ቀለበቱ ላይ ቁጥርና ፊደል አለ፤ ብረት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተቋሙ አድራሻ ወይም አገሩም ተጽፎበታል። በባይኖኩላር ማንበብ ከቻላችሁ የምታዩትን ሁሉ ጻፉ፤ የቀለሙን ዓይነት፣ በግራ ወይም በቀኝ እግር መሆኑን፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምሩ። ፎቶ ካለ የተሻለ ነው። መረጃውን ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አድርሱ። በሕይወት ካለ ወፍ ላይ ቀለበት ለማውለቅ አትሞክሩ። የሞተ ካገኛችሁ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የወፍ ጉንፋን ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ወፉን ባለበት ተዉት።